ትርፍ ኮፒ

ወረቀት እጄ ከገባ ሳላነበው አይወጣም። ነገረኛ ሆኜ አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓመት ካዛንቺስ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ቆሞ የዋለ ሰው ዓይኑ ራሱ ያነባል። የፍርድ ቤት ክስ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የፍቺ ስምምነት፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ በእጄ ያላለፈ ነገር የለም። በሰፈሩ ማን ከወንድሙ ጋር በቤት እንደሚካሰስ ከቀበሌው ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። አፌን ግን እይዛለሁ። ሸዋአየሁ ጉዴን አወጣችብኝ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልመጣም።

አንድ ልማድ ግን አለኝ። ፈተና ነገር ከመጣ አንድ ትርፍ ኮፒ አስቀራለሁ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ይሁን የመንጃ ፈቃድ፣ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ዓመት ሳይሞላ ፈላጊው በእግሩ ይመጣል። ይህን የማያደርግ ኮፒ ቤት ካለ አሳዩኝ። ስለዚህ ኢፍቱ ያንን ሰማያዊ ጥራዝ ይዛ የመጣች ቀን እጄ ሳያስበው አደረገው ብል ግማሹ እውነት ነው።

ኢፍቱ ከሱቄ ጀርባ ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጸሐፊ ናት። ቢሮው ለልጆችና ለወጣቶች የሥነ ልቦና ምርመራና ምክር የሚሰጥ ነው። ጥራዙ የምርመራው ጥያቄና መልስ ያለበት ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ከባለሙያ እጅ እንዳይወጣ ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

«ሸዋዬ፣ አምስት አምስት አድርጊልኝ» አለችኝ። «ቶሎ በይ በናትሽ፣ ገለታ እየጠበቀኝ ነው።»

አምስት ሠራሁላት። ስድስተኛውን ጠረጴዛው ሥር አስገባሁት።

ግማሹ እውነት ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ያን ቀን የገዛ ልጄ ስም በእነ ኢፍቱ ቢሮ የቀጠሮ መዝገብ ላይ ነበር።

ልጄ ፀሎት ስምንት ዓመቷ ነው። አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምራለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊደል እምቢ ብሏታል። ዛሬ የያዘችውን ነገ ትጥለዋለች። በወሬ ግን ማን ይችላታል? ታክሲ ውስጥ የሰማችውን ጭቅጭቅ፣ ረዳቱ እንዴት እንደተቆጣ፣ ሴትዮዋ ምን ብላ እንደመለሰችለት፣ አንድ ሳታስቀር ትነግርሃለች። ደብተር ስትገልጥ ነው ሌላ ልጅ የምትሆነው። ላንቻ ያለው ትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ወይዘሮ እጸገነት በሰኔ አጋማሽ አስጠሩኝና «የባለሙያ ወረቀት ያምጡልን፤ ምን እንደሆነች ሳናውቅ ለሦስተኛ ጊዜ አንመዘግባትም» አሉኝ። የ2003 ምዝገባ የሚዘጋው ሐምሌ ዘጠኝ፣ አርብ ቀን ነው። የምርመራው ቀጠሮ የተገኘው ደግሞ ሐሙስ፣ ከምዝገባው አንድ ቀን ቀድሞ።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ደህና ናት ካለ ልጄ ትማራለች፣ ዘገምተኛ ናት ካለ ትባረራለች። ቂርቆስ እኛ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የመጣላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ደጅ ስትወጣ አይተናት አናውቅም። ፀሎት እንደዚያ ትሆናለች ብዬ እያሰብኩ ሳልተኛ አድር ነበር። አባቷ ኃይለገብርኤል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ በስልክ ስነግረው «በቃ አንቺ የምታውቂውን አድርጊ» አለኝ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ፈተና ሲመጣ ይጠናል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከሱቅ ስመለስ እራት ሳንበላ ጥናት ነው። ማንበብ ስለማትችል እኔ ጥያቄውን እያነበብኩላት፣ መልሱን እነግራታለሁ፤ እሷ ትደግመዋለች። ሠላሳ ስድስት ጥያቄ ነው፣ በሦስት ክፍል። መጨረሻ መጨረሻ ላይ ጥያቄውን ማንበቡም ሲሰለቸኝ ቁጥሩን ብቻ መጥራት ጀመርኩ። «አንድ!» ስላት «ሁለቱም ፍራፍሬ ናቸው»፤ «ሁለት!» ስላት «ሁለቱም እንስሳት ናቸው»። እስከ ሠላሳ ስድስት ሳትደናቀፍ የወረደችው ዕለት ስሜያት ስሜያት አልጠገብኩም። በሕይወቷ አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ስትይዝ ያየሁት ያኔ ነው።

ሐሙስ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ነው የዋለው። ከቂርቆስ ካዛንቺስ እስክንደርስ ጫማዋ ራሰ። ሱቄን ዘግቼ ወደ ፎቁ ይዣት ስወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብዬ «ማን አስጠናሽ ቢልሽ?» አልኳት።

«ማንም።»

«ጎበዝ።»

የምርመራው ባለሙያ ገለታ ሠላሳ ያልሞላው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን ዶክተር ስለው «ዶክተር አይደለሁም» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ዶክተር ማለቴን አልተውኩም፤ ሲያከብሩት የሚጨክን ሰው ጥቂት ነው። ተንበርክኮ የፀሎትን እጅ ጨበጠ፣ ስለ ራሰው ጫማዋ አጫወታት፣ ይዟት ገባ። «እርስዎ እዚህ ይጠብቁን፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል» ብሎኝ በሩን ዘጋው።

የዘጋው ግን በሩን ብቻ ነው። ክፍሉ ከኢፍቱ ጠረጴዛ የሚለየው በስስ የችፑድ ግድግዳ ስለሆነ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ሳል እንኳ አያመልጠውም። ኢፍቱ እየተየበች ነበር። እኔ ጆሮዬን ወደ ችፑዱ ሰጠሁ።

«ሁለት ነገር እነግርሻለሁ፤ በምን እንደሚመሳሰሉ ትነግሪኛለሽ፣ እሺ ፀሎት?» አለ ገለታ። «ጃንጥላና ኮፍያ።»

ደነገጥኩ። ጃንጥላና ኮፍያ ስድስተኛው ጥያቄ ነው። መልሱም «ሁለቱም ይከልላሉ» ነው፤ ከንፈሬ ራሱ አለው። አንድን የት ጣለው? ሁለትን? ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ምን በላው? ወዲያው አንዲት መስመር ትዝ አለችኝ፤ ጥራዙ አናት ላይ በደቃቁ የተጻፈች፣ አንብቤያት ያለፍኳት። ዕድሜው ሰባትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ከቁጥር ስድስት ይጀምራል ትላለች።

ፀሎት ጮክ ብላ፣ ተደስታ መለሰች። «ሁለቱም ፍራፍሬ ናቸው!»

የገለታ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ።

«ሰዓትና ሚዛን።»

«ሁለቱም እንስሳት ናቸው!»

«ጋዜጣና ሬዲዮ።»

«ሁለቱም ከእንጨት ይሠራሉ!»

ይህ የሦስተኛው ጥያቄ፣ የወንበርና የበር መልስ ነው። እኔ ያስጠናኋትን አንድም ሳታዛንፍ ትወርደዋለች፤ እሱ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ይላል፣ እሷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ጊዜ በተከታታይ ከሳተች ያ የጥያቄ ክፍል ይዘጋል፣ ያም ጥራዙ ላይ ተጽፏል። ሦስት ሆኗል። አንድ ቀርቷታል።

«ንዴትና ደስታ» አለ ገለታ፣ ረጋ ብሎ።

አምላኬ፣ ቆም ብላ ታስብ፣ የራሷን አንድ ነገር ትበል ብዬ ለመንኩ። ንዴትና ደስታን ማን ያስጠናታል? ቤታችን ውስጥ ንዴት ሞልቷል። ስትፈልግ «ሁለቱም ያስለቅሳሉ» ማለት የምትችል ልጅ ናት።

«ሁለቱም ይበራሉ» አለች፤ የቁጥር አራት መልስ ነው።

ኢፍቱ መተየቧን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። «ሸዋዬ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ብርዱ ነው።»

«አይዞሽ፣ ዛሬ እኮ ያልቃል። እሱ ሲጨርስ እኔ ወዲያው እተይበዋለሁ፤ ነገ በጠዋት ማኅተም ተደርጎበት ትወስጂዋለሽ።»

ማኅተም! የእኔ ልጅ ጃንጥላን ፍራፍሬ ትላለች ተብሎ ማኅተም ሊደረግበት ነው። ሳላስጠናት ብትመጣ ስንቱን በራሷ ትመልሰው ነበር። የፈራሁትን ወረቀት በገዛ እጄ እየጻፍኩት ነው። ተነስቼ ልግባ አልኩና መልሼ ተቀመጥኩ። ገብቼ ምን ልል ነው? ሰርቄያለሁ? ካወቀ ያባርረናል፤ አርብ ያለ ወረቀት ይደርሳል፤ ወይዘሮ እጸገነት መዝገባቸውን ይዘጋሉ። ዝም ካልኩም ልጄ ያልሆነችውን ሆና ትጻፋለች። ኢፍቱም አለች፤ ጥራዙን በእምነት ያመጣችልኝ እሷ ናት፣ ከሥራዋ ትፈናቀላለች። የቱንም ብይዝ አንድ ሰው ይወድቃል። እውነቴን ነው የምለው፣ በዚያች ደቂቃ ከማንም በላይ የጠላሁት ገለታን ነበር። ምን አለበት ከአንድ ቢጀምር!

ውስጥ ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ። «አሁን ደግሞ ምን እንደምታደርጊ ትነግሪኛለሽ» አለ። «ዝናብ እየዘነበ የቤታችሁ ቁልፍ ቢጠፋብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እጄን እታጠባለሁ።»

የሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያ መልስ ነው፤ ይህን ስትል ግን ድምፅዋ ወረደ። ሞኝ አይደለችም፤ አንድ ነገር እንዳልገጠመ ገብቷታል። ገለታ ቀጣዩን ጠየቃት፤ በጣም ቀስ ብላ መለሰች፣ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ቀጥሎም ጠየቃት። ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ፤ ትንፋሽዋን ስባ ስትይዝ። ቤት ውስጥ ልታለቅስ ስትልና ማልቀስ ስትፈራ የምታደርገው ነው።

በሩን ከፈትኩት።

«ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ውጭ ይጠብቁን ብዬ ነበር» አለ ገለታ።

«ጥያቄውን ታውቀዋለች። እኔ ነኝ ያስጠናኋት፣ ያቁሙት።»

እሱ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ለፀሎት ፈገግ ብሎ «ኢፍቱ ጋ ሄደሽ ትንሽ ሥዕል ትስያለሽ?» አላት። ስታልፍ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ «እማዬ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አለችኝ። እጇን ከቀሚሴ አላቅቄ ወደ ኢፍቱ ላክኋት።

በሩ እንደተዘጋ «ከየት አገኙት?» አለኝ።

«ኢፍቱ የምታውቀው ነገር የለም። ለኮፒ ሲመጣ እኔ አንድ ትርፍ አስቀርቼ ነው።»

«ለስንት ሰው ሰጡት?»

«ልጄን ይንሳኝ፣ ለማንም!» መሐላው ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴን አስፈራኝ።

ገለታ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፣ ጩኸት ላይ እኔም አላንስም። «ይህ እኮ ፈተና አይደለም» አለኝ። «የሚያልፍ የሚወድቅ የለበትም። ልጅቷ የት ቦታ ላይ እንደምትቸገር የምፈልግበት ነው። እርስዎ እኔ የምፈልገውን ደበቁብኝ። የቃል ጥያቄዎቹን ከእንግዲህ እስከ አንድ ዓመት ድረስ እሷ ላይ ልጠቀምባቸው አልችልም።»

«ወረቀቱስ? ምዝገባው ነገ ይዘጋል።»

የጻፈውን መልሶ እያየ «ስንት መልስ ነው የያዘችው?» አለ።

«ሠላሳ ስድስት።»

«በተርታው?»

«ቁጥር ስጠራላት ትመልሳለች።»

«ማንበብ ሳትችል፣ በጆሮዋ ብቻ፣ ሠላሳ ስድስት መልስ በሁለት ሳምንት።» ቀና አለ። «ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ እኔ እንዲህ መያዝ አልችልም። ይቺን ልጅ ነው ትምህርት አይገባትም የተባላችሁት?»

ያኔ እንባዬ መጣ። ከደስታ ይሁን ከንዴት እኔም አላወቅኩትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅሽ ሰነፍ ናት፣ ፈዛዛ ናት ስባል ከርሜ፣ አንድ ሰው ዛሬ ገና እንዲህ አላት።

«የምጠረጥረው ፊደል ላይ ነው» አለ። «ጆሮዋ ይዞ ዓይኗ ፊደሉን የማይይዝላቸው ልጆች አሉ፤ የአእምሮ ማነስ አይደለም። ግን በጥርጣሬ አልጽፍም፣ ማየት አለብኝ። የፊደሉንና የቅርጹን ገጾች አሳይተዋታል?»

«እነሱን ለራሴ አላስቀረኋቸውም።»

«ለምን?»

«ጥቁር ይበዛባቸዋል። የማሽኑን ቀለም፣ ቶነሩን ይጨርሳሉ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፣ አጭር ሳቅ። «ቶነሩ አተረፈን ይበሉኛ። እንግዲያው እነሱን ዛሬ እንሠራለን። ውጤቱ እንደገመትኩት ከሆነ ጥያቄ በቃል እንዲጠየቅላት፣ ለንባቡ ደግሞ ለብቻዋ ጊዜ እንዲሰጣት አድርጌ ለትምህርት ቤቱ እጽፋለሁ። የቃሉ ክፍል ለምን እንደቀረም እጽፋለሁ፤ እሱን አልደብቅም። ዳይሬክተሯ ካንገራገሩ ራሴ አነጋግራቸዋለሁ።»

«ይጻፉት። የፈለጉትን ይጻፉ።»

«አንድ ነገር ግን አለ። ከገባች ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አላውቅም አላለችም። የማይመስል ነገር ትላለች እንጂ አላውቅም አትልም። ልጅ ያላወቀውን በግምት ከሞላብኝ የምለካው ግምቱን ነው፤ ዛሬም ባዶ እጃችንን እንወጣለን። አላውቅም ማለት እንደሚቻል ከእርስዎ አፍ መስማት አለባት። ይገባሉ፣ ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ፣ ይነግሯታል። ከዚያ ዝም።»

«እሺ።»

በሩን ሊከፍት እጁን ዘርግቶ ቆም አለና «ለመሆኑ በሁለት ሳምንት ያን ሁሉ እንዴት ነው ያስያዟት?» አለኝ።

«በትዕግሥት» አልኩት።

ፀሎት ተመልሳ ወንበሩ ላይ ስትወጣ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ገለታ ከጎኗ ሆነ፣ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቷ። እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ኢፍቱ ውጭ መተየቧን ትታለች፤ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው።

«ፀሎትዬ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ቅድም አልተሳሳትሽም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አሁን ጋሼ ገለታ የሚያሳይሽን ካወቅሽው ትነግሪዋለሽ፣ ካላወቅሽው አላውቅም በይ።»

«አላውቅም ልበል?»

«አዎ።»

«ማንም አይቆጣም?»

«ማንም።»

ገለታን አየችው፤ ራሱን ነቀነቀላት። እኔን አየችኝ፣ ደግማ አየችኝ፤ ከፊቴ ላይ ሌላ መልስ የምትፈልግ ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ካርድ ላይ «በ» አለች፣ ልክ ነበረች። ሁለተኛውን «ለ» አለችው፤ «ሰ» ነው። ወዲያው ከንፈሬን ማየት ጀመረች፣ ከንፈሬን ነከስኩት። ሦስተኛውንም በግምት አለች፣ ሳተች። ገለታ አራተኛውን ካርድ ገለጠ፤ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ነው።

ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። ጣቷ ሁለተኛው ላይ ሄዶ ተመለሰ። ገምተሽ እንዳታሳልፊው የኔ ልጅ፣ በዚህ ካርድ ነው ትምህርት ቤት የምትገቢው፣ በይው፣ በይው እያልኩ በሆዴ እጮሃለሁ። የሚወዛወዝ እግሯ ቆመ።

«አላውቅም» አለች በሹክሹክታ።

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ ሁለት እጆቿን አናቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኖቿን ጨፍና፣ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች። ኩርኩሜ የሚያርፍበትን ቦታ በልኩ ሸፍናው ነበር።

ገለታ ልጄን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ማኅተም የሚደረግበት ወረቀት፣ ነገ ወይዘሮ እጸገነት የሚያነቡት ወረቀት ነው። ኃይለገብርኤልም ከጅቡቲ ሲመለስ ያነበዋል። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«በትዕግሥት አይደለም» አልኩት። «በኩርኩም ነው ያስያዝኳት። አላውቅም ባለች ቁጥር።»

ገለታ ጻፈው። ፀሎት እጇን ገና አላወረደችም።